302 ቀን የፈጀ ሪፖርት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራውን ሳይሠራ ቀርቶ ሕዝብ ሲጎዳ፣ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው። «መረጃው አልደረሰንም»፣ «ከታች ያለው አካል አላሳወቀንም»። የኢትዮጵያ የረሀብ ታሪክ ግን ይህን ምክንያት አይቀበልም። መረጃው ብዙ ጊዜ ነበረ። የጠፋው ደፍሮ ወደ ላይ የሚያደርሰው ሰውና ሲደርሰው የሚሠራበት አለቃ ነው።

ኅዳር 1958 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ እየገባ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ሪፖርት ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ተላለፈ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በጥናታቸው እንዳሰፈሩት፣ ጉዳዩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ 302 ቀናት ፈጀ። ከላይ ትእዛዝ ሲወርድም ሚኒስቴሩ የወሎን ሹማምንት የጠየቀው የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልኩ ነበር። እህል የሚጠብቅ ሕዝብ የተላከለት የስም ዝርዝር ጥያቄ ሆነ።

ይህን የጥቂት ጨካኞች ሥራ አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቢሮ በራሱ ሚዛን ሥራውን ሠርቷል፤ ፖሊስ ጽፏል፣ ወረቀቱ ተላልፏል፣ ማብራሪያ ተጠይቋል። ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰው ቢሞት ተጠያቂው እኔ ነኝ» የሚል ባለሥልጣን።

ከሰባት ዓመት በኋላ ያው ታሪክ በባሰ መልኩ ተደገመ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሰብል መክሸፉን የሚያሳይ የግብርና ሚኒስቴር ጥናት ቢኖርም ለሕዝብ ይፋ አልሆነም። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ ሲያሳዩ የገጠማቸው ቁጣ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዩኒሴፍ ሁኔታውን የሚገልጽ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ ከፕላን ባለሥልጣናት በኩል የመጣው መልስ እርዳታ ለማግኘት ገመናን ማውጣት ካስፈለገ እርዳታው ይቅርብን የሚል ይዘት ነበረው። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን ዓለም ሁሉ ሰማ። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር ነው።

በዚያ ዓመት አገሪቱ እህል አልነበራትም ማለትም አይቻልም። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ በአገር ደረጃ የምግብ ምርቱ ያን ያህል አልቀነሰም፤ የደሴ ገበያ ዋጋም ብዙ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው የሞተው የሚገዛበት ገንዘብ አጥቶ ነው። ይህ ማለት የነቃ አስተዳደር ቢኖር ብዙ ሰው ማትረፍ ይቻል ነበር ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ደርግ ይህን ረሀብ ለሥልጣን መንገጃ አደረገው። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው የዘመን መለወጫ ምሽት የረሀቡ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተረሸኑ። ሹማምንቱ ተወገዱ፤ መጥፎ ዜና ወደ ላይ የማይወጣበት ሥርዓት ግን እንዳለ ቀረ።

እርግጥ አንድ ትልቅ ነገር ተሠርቷል። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ዘረጋ። በ1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ በእውነት ተናገረ። መጋቢት ላይ ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ 5 ሚሊዮን ያህል ሰው አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቁ። የጉድለቱ ግምት 9 ሚሊዮን ኩንታል እህል ነበር፤ የጠየቁት ግን አገሪቱ ማጓጓዝ የምትችለውን ግማሹን፣ 4.5 ሚሊዮን ኩንታሉን ነው። ለጋሾች ተጠራጠሩ። በአገር ውስጥ ደግሞ የመንግሥቱ ሐሳብ በሙሉ ወደ አብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና ወደ ኢሠፓ ምሥረታ ነበር። በሰሜን የሚካሄደው ጦርነትም እህሉን የጦር መሣሪያ አድርጎት ነበር። መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሰልፍና በመብራት ደመቀች። ጥቅምት 13 ቢቢሲ ኮረምን ለዓለም አሳየ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል። በ1965 መሥሪያ ቤቱ ዝም አለ። በ1976 መሥሪያ ቤቱ ተናገረ፣ አለቃው ግን አልሰማም። ስለዚህ ጥሩ ተቋም መገንባት ግማሽ መንገድ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ያ ተቋም የሚናገረውን ችላ ማለት ዋጋ የሚያስከፍልበት ሥርዓት ነው።

ይህ ሊሆን እንደሚችል 2008 ዓ.ም. በከፊል አሳይቷል። ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥት ራሱ ይፋ አደረገ፤ ከራሱ ካዝናም ገንዘብ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም እርዳታው የሚደርስበትን መንገድ አስቀድሞ ዘርግቶ ነበር። ችግሩ ከባድ ቢሆንም የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም።

ጥር 2016 ዓ.ም. ግን የድሮው ጥያቄ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሀብ መሞታቸውን አስታወቀ። በቀናት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለተወካዮች ምክር ቤት ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ በሽታ የሞተ ሊኖር ቢችልም፣ በረሀብ የሞተ ሰው የለም አሉ። አንድ የመንግሥት ተቋም ቁጥር ይዞ ተናገረ፤ የመንግሥት መሪ በቃላት ትርጉም መለሰ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላል ገበሬው። የመሥሪያ ቤት ጥንካሬ የሚለካው በሕንፃውም ሆነ በዓመታዊ ሪፖርቱ ውፍረት አይደለም። በወረዳ ያለ አንድ ባለሙያ «ሰው እየሞተ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ በማግሥቱ በወንበሩ ላይ መገኘቱና ወረቀቱ የሚወስነው ሰው ዘንድ እስኪደርስ በሚፈጀው ቀን ብዛት ነው። በ1958 ዓ.ም. 302 ቀን ፈጅቷል። ዛሬ ስንት ቀን እንደሚፈጅ መልስ የሚጠበቀው ከወረዳው ባለሙያ ሳይሆን ከአለቆቹ ነው።