ጥይት ዝርዝር ገንዘብ በነበረበት ዘመን

ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ የሚጓዝ ሰው ኩየራን የሚያውቃት በአድቬንቲስቶች ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ምእመናኗ መሣሪያ እንዳያነሡ ስትመክር ኖራለች። በዙሪያዋ ያለው የአርሲ ምድር ግን ጠመንጃን በክፉ ያስታውሰዋል፤ በ1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ ጦርና ጋሻ የያዘው የአርሲ ፈረሰኛ የራስ ዳርጌን ጠመንጃ መቋቋም አልቻለም።

በዚያ ዘመን መሣሪያ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጥይቱ ይገኛል ወይ?» ብሎ ነበር። አድዋ የዘመተው ጦር ውጅግራውን፣ ስናድሩን፣ ሬሚንግተኑን ቀላቅሎ ነው የያዘው፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የውጅግራው አፈሙዝ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ይወጣ ነበር፤ የማርያ ትሬዛ ብር የሰጠ ገዢ መልሱን በጥይት ይቀበላል። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ለጨዋታ ብሎ ዒላማ ላይ የሚረጨው ማን ነው? በለቅሶና በሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የክብር ወጪ ነው።

ሽጉጥማ ከጠመንጃም በላይ የሹም ጌጥ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ግን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የእሑድ ተኳሾች የሚከራከሩት በሁለት ተመሳሳይ ሪቮልቨሮች ላይ ነበር፦ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኬ-22 እና በኮልት ኦፊሰርስ ሞዴል። ሁለቱም ነጥብ 22 (5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ)፣ ሁለቱም ስድስት ጎራሽ። የኮልቱን የጥይት ጎጆ ለመክፈት ማያዣውን ወደ ኋላ ይስባሉ፤ የስሚዙን ወደ ፊት ይገፋሉ። ሲተኮስ የኮልቱ ጎጆ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የስሚዙ ወደ ግራ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው እጀታው ለመዳፍ፣ ቃታው ለጣት መስማማቱ ነው። ጥይቱ ርካሽ ስለሆነ ሲተኩሱ ቢውሉ አይቆጭም።

በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 1922 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ መሣሪያ ወደ አገር ለማስገባት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ውል ትፈራረም ነበር። ውሉም ብዙ አልጠቀማትም፤ ጣሊያን ለወረራ ስትሰናዳ በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ኢትዮጵያን የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ከለከሏት።

ነጥብ 22 ለእንዲህ ያለ አገር የሚመች አልነበረም። የሚያቀጣጥለው ቅመም ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ አንዴ ከተመታ ጠርዙ ስለሚጎዳ ቀለሁ ይጣላል። የውጅግራው ናስ ግን ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ መልሶ ይተኮሳል።

ዛሬም መሣሪያ ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከኩየራ ብዙም በማይርቀው የሙኔሳ ደን በፈቃድ የሚታደነው የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ በነጥብ 22 ትንሽ ጥይት እሱን መተኮስ አቁስሎ ጫካ መስደድ ነው።