የቡና አገር ተረትና የኮምፒዩተር መስኮት

ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ አየ የሚባለው የከፋው እረኛ የካልዲ ታሪክ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከበበቃ እስከ ቴፒ የተዘረጋው የቡና ምድር ከዚህ ሌላ ተረት ያለው የማይመስለው እንግዳም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ታሪኩን አስቀድሞ በኅትመት ያወጣው ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ የማሮናውያን ወገን ምሁር ሲሆን፣ ያሳተመውም እ.ኤ.አ. በ1671 በሮማ ከተማ፣ በላቲን ቋንቋ ነው። በናይሮን ጽሑፍ ውስጥ ካልዲ የሚባል ሰው የለም፤ ከፋም አይነሣም። ባለታሪኩ ስም የለሽ የግመል፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም የፍየል ጠባቂ ነው፤ አገሩም የመን ነው። ስሙንና ቦታውን የጨመሩት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። የዐረቢካ ቡና የዘር መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ ተረቱ ግን ወደዚያ ደን የገባው ከውጭ ነው። ከደኑ ውስጥ የሚነገሩት የቤንች፣ የሸኮ፣ የመዠንግር፣ የመኢኒት፣ የሸካና የከፋ ተረቶች ቀድሞ የሚጽፋቸው ስላላገኙ ከካልዲ ጀርባ ተሰልፈው ቀርተዋል።

ይህን የቆየ ነገር ማንሣት ያስፈለገው፣ ተረት በዘመናችን አዲስ መኖሪያ በማግኘቱ ነው። ቪዥዋል ኖቭል የሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ፣ እንደ ሥዕል የሚታይ፣ እንደ ራዲዮ ድራማ የሚደመጥ ነው። አንባቢው በየደረጃው «ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሪኩም በመረጠው በኩል ይሄዳል። የትውልድ አገሩ ጃፓን ሲሆን፣ ዩጂ ሆሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው የፖርቶፒያ የነፍስ ግድያ ምርመራ ጨዋታ ከቅድመ አያቶቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ቹንሶፍት የተባለው ኩባንያ በ1992 ኦቶጊሪሶን አውጥቶ «የድምፅ ልብ ወለድ» አለው፤ ሊፍ የተባለው ደግሞ በ1996 ቪዥዋል ኖቭል የሚለውን ስም በራሱ ተከታታይ ሥራዎች ላይ አዋለ።

ጌም ጃም የሚባለው ውድድር የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥቂት የፕሮግራም ሠሪዎች በአሜሪካ በኦክላንድ ከተማ ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ጨዋታ ሠርቶ መጨረስን ሞከሩ፤ በዚያው ዓመት ሉደም ዴር የተባለው ውድድር ተጀመረ። በጥር 2009 ዓለም አቀፉ ጌም ጃም ሲከፈት በ23 አገሮች በ53 ቦታዎች የተሰበሰቡ ወጣቶች በ48 ሰዓት ውስጥ ሥራቸውን አስረከቡ። የቪዥዋል ኖቭል ወዳጆች ከ2005 ጀምሮ የመጋቢትን ወር በሙሉ ለራሳቸው ውድድር መድበዋል፤ ጽሑፍና ሥዕል በሁለት ቀን እንደማያልቁ ስለሚያውቁ ይመስላል። ቶም ሮታመል በ2004 ያወጣው ሬንፓይ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የምህንድስናውን ሸክም አቀለለ፤ አንድ ጸሐፊ ታሪኩን በተራ ጽሑፍ እየጻፈ፣ የትኛው ምርጫ ወደ የትኛው ምዕራፍ እንደሚያዘልቅ ብቻ ያመለክታል።

በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ ተረት ተፈላጊ ርዕስ መሆኑ አያስገርምም። ባለመብት አይጠይቅበትም፤ ባለታሪኮቹ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ተጫዋቹም ተኩላዋንና ልጅቷን አስቀድሞ ያውቃቸዋል። ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። በጥድፊያ ጊዜ እጅ የሚዘረጋው በቅርብ ወዳለው መደርደሪያ ነው፤ በመደርደሪያውም ላይ የሚገኙት በመጽሐፍ የታተሙት የወንድማማቾቹ የግሪም ተረቶች ናቸው።

ሂሳቡንም መመልከት ያሻል። በአንድ ተረት ውስጥ ሁለት ሁለት መንገድ ያላቸው ሦስት ምርጫዎች ቢገቡ 8 ልዩ ልዩ ፍጻሜዎች ይወለዳሉ፤ አምስት ቢሆኑ 32። ለእያንዳንዱ ሥዕል መሣል ለአንድ ቡድን የማይሞከር በመሆኑ፣ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች መንገዶቹን ከፍለው ከጥቂት ገጽ በኋላ እንደገና ያጋጥሟቸዋል። ለዚህ ዘዴ ተረት የተመቸ ነው። አንዱ ወንድም ይሄዳል፣ ይሳሳታል፣ ይመለሳል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛው ይሳካለታል። ድግግሞሹ ለሰሚው ጣዕም፣ ለሠሪው ደግሞ ቁጠባ ነው።

ሌላም መመሳሰል አለ። በአማርኛ ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ካላለ ተረቱ አይጀመርም። በእንቆቅልሽ ደግሞ መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ሰጥቶ ነው ጨዋታው የሚቀጥለው። ሰሚው የሥራው ተካፋይ ነው ማለት ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ፣ በየቤቱ ያሉ ልጆች ሰላምታቸውን ጮኸው ይመልሱላቸው ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ግን የልጆቹን ድምፅ አልሰማም። ኮምፒዩተር ቢያንስ የጣትን መልስ ይቀበላል። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ የተባለ ኩባንያ ከገበሬው የምታመልጥ ዶሮን ኩኩሉ ብሎ በስልክ ጨዋታ ሲያወጣ፣ ባለታሪኳን ከግሪም መዋስ እንደማያስፈልግ አሳይቷል።

ታዲያ የሚዛን ተፈሪን አካባቢ ተረት በዚህ መንገድ ለማቅረብ ምን ያግዳል? የመጀመሪያው ጥያቄ የፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል መዝገብ፣ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ጨምሮ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ይሆን ነበር። ምዝገባው ግን የአማርኛን፣ የትግርኛንና የግዕዝን ፍላጎት እንጂ የቤንችን አላሟላም። የቤንች ቋንቋ ምላስን ወደ ኋላ አጥፎ የሚነገሩ ድምፆች አሉት፤ ለነዚህ የሚሆኑ 4 የፊደል ዘሮች፣ እያንዳንዳቸው በ7 በ7 ሆሄያት፣ መዝገቡ ውስጥ የገቡት በ2005 ነው። ለመኢኒት ቋንቋ የሚያገለግሉ ሆሄያትም በዚያው ጊዜ ተጨመሩ። በ2008 ደግሞ ለቤንች ቋንቋ በላቲን ፊደል የተመሠረተ አጻጻፍ ጸደቀ። ፊደሉ ወደ ኮምፒዩተር በገባ በሦስተኛው ዓመት ቋንቋው ሌላ ፊደል ያዘ ማለት ነው። በመሆኑም በግዕዝ ፊደል የታተመውን የቤንች አዲስ ኪዳን የሚያነቡ አባትና በላቲን የተማረ ልጅ ከአንድ መስኮት ፊት ቢቀመጡ፣ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍላቸው አስቀድሞ መወሰን ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ክላውስ ቬዴኪንድ የተባለው የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 እንደ አስረዳው፣ ቤንች የቃልን ትርጉም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚለይ ሲሆን፣ ስድስት የድምፅ ቃናዎች አሉት። አንዲት ክፍለ ቃል ስትወጣና ስትወርድ ሌላ ነገር ትሆናለች። እንዲያውም ወንዶች ቋንቋውን በፉጨት ሊነጋገሩበት ይችላሉ። የግዕዝ ሆሄ ይህን ደረጃ አያመለክትም፤ በአዲስ ኪዳኑ ኅትመትም አልተመለከተም። ስለዚህ የቤንች ተረት በወረቀት ብቻ ሲቀመጥ ግማሹ ይጎድላል። ቪዥዋል ኖቭል ከመጽሐፍ የሚበልጥበት ዋና ነገር ይህ ነው፤ በሬንፓይ እያንዳንዱ መስመር ከራሱ የድምፅ ቅጂ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል፣ ፊደሉ ያልያዘውን የተራኪው ጉሮሮ ይይዘዋል።

ብሪታኒያዊቱ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በኢትዮጵያ ክልሎች እየተዘዋወረች ተረት ስትሰበስብ፣ ተረቶቹ በአስተርጓሚ አልፈው በእንግሊዝኛ ለትምህርት ቤት ንባብ ታትመዋል። ሥራው ትልቅ ውለታ ነው፤ የተራኪዎቹንም ስም መያዙ ከናይሮን ይለየዋል። የቋንቋው ዜማ ግን በትርጉም መካከል ከሚጠፉት ነገሮች የመጀመሪያው ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርቱን የሚሰጠው በቴፒ ግቢው ነው። ለ48 ሰዓት ውድድር የሚቀመጥ የቴፒ ተማሪ ሥዕሉን በሁለት ሌሊት ሊጨርስ፣ የግዕዝ ፊደሉንም ባዶ ሳጥን ሆኖ እንዳይታይ አስተካክሎ ሊያስገባ ይችላል። የሽማግሌውን ድምፅ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ አያገኘውም። ይህ ከወራት በፊት፣ ተራኪው በቤቱ፣ ከሰሚዎቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ የሚቀዳ ነው። ሊጠየቅ የሚገባውም ብዙ ነው። በተረቱ ውስጥ ሰሚው ምርጫ የሚሰጠው የት ላይ ነው? ጥንቸሏ ጅቡን ሳታታልለው የምትቀርበት መንገድ ቢጨመር ተረቱ ያው ተረት ይሆናል ወይስ ሌላ? ስሙስ በመክፈቻው ገጽ ላይ እንዲጻፍ ይፈቅዳል? ሰዓቱ መቁጠር ከጀመረ በኋላ ከቴፒ ተነሥቶ የቤንች መንደር ድረስ ወርዶ ይህን የሚጠይቅ አይኖርም።