ስለ ዓለም ጥንት በፓሪስ ሊቃውንት መካከል የተነሣ ክርክር

ኦሪት ዘፍጥረት ገና ሲጀምር ዓለም ጥንት ያለው ፍጡር እንደ ኾነ ያስተምራል። የምዕራብ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን አምነው ሲኖሩ፥ ከዐረብ መጻሕፍት የመጣ ጥያቄ ትምህርታቸውን እሳት ወርቅን እንደሚፈትን ፈተነው።

የጥያቄውም መምጫ እንዲህ ነው። ቶሌዶ የምትባል የእስፓኛ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1085 ዓመት ከእስላሞች እጅ ወጥታ ለክርስቲያን ንጉሥ ገባች። በውስጧም ብዙ የዐረብ መጻሕፍት ስለ ተገኙ፥ በ1187 ያረፈው ጌራርድ ዘክሬሞናና ሌሎችም ተርጓሚዎች የአርስጣጣሊስንና የኢብን ሲናን መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ሮማይስጥ መለሱ።

አርስጣጣሊስ ግን ዓለም ጥንት የለውም ይል ነበር፤ ኢብን ሲናም ዓለም መኖሩን ከእግዚአብሔር ቢቀበልም ጥንት አልነበረውም ይላል። ስለዚህ በ1210 የአርስጣጣሊስ የፍጥረት መጻሕፍት በፓሪስ እንዳይነበቡ በውግዘት ተከለከሉ፤ በ1255 ግን እነዚያው መጻሕፍት በዚያው በፓሪስ ትምህርት ቤት ተማሪ ኹሉ የሚማራቸው ኾኑ።

ያን ጊዜ ሊቃውንቱ ተለያዩ። ቦናቬንቱራ፥ ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ ኹሉ ጥንት ሊኖረው ግድ ነው፥ ይህንም ልቡና ራሱ ያስረዳል አለ። ቶማስ ዘአኲኖ ግን የፍጥረት ባሕርዩ ሌላ መኖሩም ሌላ እንደ ኾነ ከኢብን ሲና ተቀበለ። እንግዲህ መፈጠር ማለት መኖርን ዘወትር ከእግዚአብሔር መቀበል ነው እንጂ፥ የመጀመሪያ ቀን ማግኘት ብቻ አይደለም። ዓለም ጥንት እንዳለው በሃይማኖት ይታወቃል፤ በልቡና ክርክር ግን ጥንት እንዳለውም እንደሌለውም ማስረዳት አይቻልም አለ። ከእርሱም በፊት አይሁዳዊው ሙሴ ወልደ ማይሞን ይህን የመሰለ ነገር በዐረብኛ ጽፎ ነበር።

ቶማስ በ1274 ዐረፈ። በ1277 የፓሪስ ኤጲስ ቆጶስ 219 አንቀጽ ሲያወግዝ፥ ከነዚያ አንዳንዱ የቶማስን ትምህርት ነካ። ነገር ግን በ1323 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቅድስናውን ዐወጀች፤ በ1325ም የፓሪስ ኤጲስ ቆጶስ ውግዘቱን ቶማስን በሚነካው ሻረው።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ይህ ነው። ደካማ ማስረጃ ይዞ ስለ ሃይማኖት የሚሟገት ሰው፥ ማስረጃው ሲፈርስ ሃይማኖቱ የፈረሰ ያስመስላል። ቶማስ ግን ከባዕድ መጽሐፍ ገለባውን ትቶ ፍሬውን ወሰደ፤ የኦሪትንም ቃል በሰው ክርክር ላይ ሳይኾን በተናገረው በእግዚአብሔር እውነተኛነት ላይ አቆመው።