ምንዛሪ

«መነዘረ» ማለት ድፍኑን ብር ወደ ዝርዝር ለወጠ ማለት ነው። ባለ 100 ብር ኖት በአሥር ባለ 10 ብር ሲመነዘር መልኩ እንጂ ዋጋው አይለወጥም።

በ1987 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የጃቫ የፕሮግራም ቋንቋም የዳታ ዓይነቶችን ይመነዝራል፤ ምንዛሪው ግን ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። ሙሉ ቁጥሩ 9 ነጥብ ወዳለው ቁጥር፣ ወደ ደብል፣ ሲሻገር 9.0 ይሆናል፤ ከስኒ ወደ ጣሳ እንደ መገልበጥ ነው፣ ምንም አይፈስም። 9.8 በግድ ወደ ሙሉ ቁጥር፣ ወደ ኢንት፣ ሲገባ ግን ወደ 10 አይጠጋም፤ 9 ብቻ ይቀራል፣ ሳንቲሙ ይንጠባጠባል። በጥቅስ የታሰረው «25» ደግሞ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም፤ 5 ቢደመርበት «255» ይወጣል። 30 የሚሻ አስቀድሞ ጽሑፉን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ፓርስኢንት ይመንዝረው።

ያስመነዘረ ሁሉ ቆጥሮ ይቀበል።