በብርሃን የተጻፈ ስም

በጨለማ ውስጥ ፎቶግራፍ ለማንሣት ከተገኙት ብልሃቶች አንዱ ብርሃንን እንደ ብርዕ ይዞ መጻፍ ነው። የሥራውም መንገድ እንዲህ ነው፤ የመሣሪያው ዓይን በሌሊት ወይም በጨለማ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ይቆያል፤ አንድ ሰው በፊቱ ትንሽ መብራት ይዞ ሲያንቀሳቅስ፥ ብርሃኑ ያለፈበት መንገድ ሁሉ በፊልሙ ላይ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃን ያላረፈበት እጅ ግን አይታይም። ስለዚህ ሠሪው ተሰውሮ ሥራው ይገለጣል።

ይህ ጥበብ የተወለደው በሠዓሊ ቤት ሳይሆን በመርማሪ ቤት ነው። በ1889 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ፈረንሳዊው ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬና ረዳቱ ዦርዥ ደመኒ የሰውን አካሄድ ለመመርመር ፈልገው፥ በሚራመድ ሰው መገጣጠሚያዎች ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መብራቶች አስረው ፎቶግራፍ አነሡት። በ1914ም አሜሪካውያኑ ፍራንክ ጊልብሬዝና ባለቤቱ ሊሊያን የሠራተኞችን የእጅ እንቅስቃሴ በዚሁ ብልሃት ተከታትለው፥ ከንቱ ድካም የሚቀነስበትን መንገድ ይፈልጉ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብርሃኑ የምርመራ አገልጋይ ነበር። በ1935 ግን በአሜሪካ ተወልዶ በፓሪስ ይኖር የነበረው ሠዓሊ ማን ሬይ በመሣሪያው ፊት ሆኖ፥ በትንሽ መብራት አየሩን ሞነጫጨረው፤ ፎቶግራፉንም «የጠፈር ጽሕፈት» አለው። በ1949 ፓብሎ ፒካሶ በደቡብ ፈረንሳይ በቫሎሪስ፥ በፎቶግራፍ አንሺው በጂዮን ሚሊ መሣሪያ ፊት በመብራት የሣለው ሥዕል ላይፍ በተባለው መጽሔት ታትሞ በብዙ ሰው ዘንድ ታወቀ። የማን ሬይ ግን ሙንጭርጭር ብቻ መስሎ ቆየ። ርእሱ «ጽሕፈት» እያለ ሲናገር ልብ ያለው አልተገኘም፤ እርሱም በ1976 ሞተ።

በ2009 ኤለን ኬሪ የተባለች አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕሉን በመስተዋት ብታየው፥ ከመስመሮቹ መካከል የማን ሬይ ፊርማ ተነበበ። ጸሓፊው ፊቱን ወደ መሣሪያው አዙሮ ስለ ጻፈ፥ ለእርሱ ቀኝ የሆነው ለመሣሪያው ግራ ሆኖ፥ ፊደሉ ተገልብጦ ቀርቶ ነበር። ሙንጭርጭሩ ሰም፥ ስሙ ወርቅ ሆኖ 74 ዓመት ተሸሸገ።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ፎቶግራፉን ያየው ብዙ ነው፥ ያነበበው ግን የለም። ስለዚህ ያልገባን ነገር ሲገጥመን፥ ትርጉም የለውም ብሎ ከመፍረድ አስቀድሞ ገልብጦ ማየት ይገባል።