ዶክተር ጆንሰንና የቤጌምድር ምስክር

ከእንግሊዝ የሥነ ጽሑፍ ሐያስያን አንጋፋው ሳሙኤል ጆንሰን (1709–1784 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን ምድር አልረገጠም። ይሁን እንጂ በ1735 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነበር። በመቅድሙ ሎቦን ያመሰገነው ያየውን ያለ ማጋነን በመጻፉ ነው።

በ1759 እናቱ ስትሞት የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን «ራስላስ»ን በጥቂት ቀናት ጻፈ። ስሙ ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደ ተወሰደ ይታመናል። የመሳፍንቱ አምባ በብዕሩ የተድላ ሸለቆ ሆነ። ባለቅኔው ኢምላክ ጎጃሜ ነው፤ (የእኛ የቅኔ ተማሪ ቢሆን መምህሩ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ ነበር።) እርሱም ገጣሚ የአበባን መስመር መቁጠር እንደማይገባው ያስተምራል። የጆንሰን ሂስ መሠረትም ይኸው ነው፤ ከልዩው ይልቅ ጠቅላላውን ይመርጣል።

ጀምስ ብሩስ ግን መስመሩን የቆጠረ ሰው ነበር። በ1771 የቤጌምድሩ ወንድ በወሰን ከራስ ሚካኤል ጋር ሲዋጋ በሥፍራው ነበር። ጆንሰን በ1775 ለንደን ላይ አግኝቶት በመጀመሪያ አመነው፤ በኋላ ግን ኢትዮጵያ መድረሱን እንኳ ተጠራጠረ። ሎቦን ስለ ማየቱ ያመሰገነ ሐያሲ በዚህ የተሳሳተ ይመስለኛል።

«ራስላስ»ን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ በ1939 ዓ.ም. በአማርኛ አሳተሙት። በደብረ ታቦር እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ባልደረቦች ከብሩስ የቤጌምድር ምዕራፎች ጋር ጎን ለጎን ብታስነብቡት መልካም ነው። በጉና ሥር ያደገ ተማሪ ያ ሸለቆ የት እንደሚገኝ መጠየቁ አይቀርምና።