የጣርማ በር ቁልቁለትና የተሳቢ ማያያዣ

ስለ ከባድ ሸክም መጎተት ሲነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ጉልበትን ነው። ሞተሩ የስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ ጎማው ምን ያህል እንደሚችል ይጠየቃል። ጎታችና ተጎታች የሚገናኙባት ጥቂት ኪሎ ብረት ግን እስክትሰበር ድረስ የሚያስታውሳት የለም። በሰሜን ሸዋ አፋፍና ገደል ላይ ሸክም የተጓዘበትን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን፣ ሸክሙን ማን ሳበው ከሚለው ይልቅ ቁልቁለት ሲመጣ ማን ያዘው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ሆኖ ይታየዋል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ብርዳም ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ያለችው በዚሁ ገደል አፋፍ ነው። በእ.ኤ.አ. 1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከተጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ከእጅ መንሻው መካከል ጠመንጃና ቀላል መድፍ ይገኙ ነበር። የበረሃውን መንገድ ግመል ቻለው፤ ከገደሉ ሥር ግን የግመል ነገር አበቃ። ከዚያ በላይ ያለው ሥራ የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ሆነ። በመንኰራኵር የሚጎተት ነገር በዚያ መንገድ ላይ ቦታ አልነበረውም።

መጎተት ምን እንደሚጠይቅ በይበልጥ የታየው ግን ከሸዋ ውጭ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመቻ ነው። ጋፋት ላይ የተሠራውና ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሠረገላ ተጎተተ። ለዳገቱ ብዙ መቶ ሰው በገመድ ሳበ። በቁልቁለቱ ደግሞ ያው ሰው ወደ ኋላ ዞሮ፣ ገመዱን ወጥሮ፣ መድፉ አምልጦ እንዳይወርድ መያዝ ነበረበት። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መድፉ ብዙ ሲጽፉ ስለ ገመዱ አለመጻፋቸው ያስቆጫል፤ አንድ ገመድ ቢበጠስ መድፉም ሰዎቹም በአንድነት ይጠፉ ነበርና።

ሞተር ወደ ጣርማ በር በብዛት የመጣው ከጦር ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት ከ1,600 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ ኢትዮጵያውያን ጣርማ በር ላይ መንገዱን አፍርሰው ስለ ጠበቁት ያ ሁሉ ሞተር ጥገናው እስኪያልቅ ቆሞ ቀረ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በወረራው ዘመን ጣልያኖች ጭንጫውን በስተው የ600 ሜትር ገደማ ዋሻ ሠሩ። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። ከዋሻው አፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ውስጥ፣ መንገዱ 1,800 ሜትር ያህል ይወርዳል።

በአዋሽና በሚሌ በኩል የሚያልፈው መንገድ እስኪከፈት ድረስ የአሰብ ወደብ ጭነት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በዚህ ዳገት ነበር። ኤን ትሬ በመባል የታወቀው ፊያት ከነተሳቢው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከጎኑ በእግሩ ይከተለዋል። መኪናው ቆም ባለ ጊዜ ታኮው ከጎማው ሥር መግባት አለበት። ረዳቱ በዚህ ሥራው ምስጋና ያገኘበት ጊዜ እምብዛም ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከሩብ የማያንሰውን ያጣል።

ትልቁን መኪና የገጠመው ችግር አሮጌውን ፒክአፕም በመጠኑ ይገጥመዋል። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ፒክአፖች ዛሬም በደጋው ሲሠሩ ይታያሉ። ባለቤቶቻቸው የውሃ በርሜል፣ ጀኔሬተር ወይም የእህል ጆንያ የሚስቡበት ማያያዣ ሲያሠሩ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቀላሉ መንገድ ነው፤ ይኸውም ኳሱን ከኋላ ፓራውልት ጋር በብየዳ ማጣበቅ። ይህ አሠራር ሊወገዝ ይገባዋል። ፓራውልት የተሠራው ግጭትን ለመከላከል እንጂ ሸክም ለመሳብ አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ቶን የሚመዝን ተሳቢ ከመቶ ስምንት በሆነ ቁልቁለት ላይ ጎታቹን በ80 ኪሎ ያህል ኃይል ይገፋዋል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ መጠነኛ በሆነ አያያዝ እንኳ ሌላ 300 ኪሎ ያህል ይጨመርበታል። በኮረኮንች ላይ ደግሞ ይህ ኃይል እየገፋና እየሳበ በየደቂቃው ይመላለሳል። ብየዳን የሚሰነጥቀው ይህ ምልልስ ነው።

ስለዚህ ኃይሉ ወደ ሻንሲው መድረስ አለበት። አስቀድሞ ሻንሲው ታጥቦ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ በመዶሻ እየተመታ ይፈተሻል፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ብረቱ ከውስጥ ተበልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው መኪና ተሳቢ ባይስብ ይሻላል። ደህና ከሆነ ከግራና ከቀኝ ረዘም ያለ ወፍራም ላሜራ ተደርቦ በብዙ ብሎን ይታሰራል። ቀዳዳው የሚበሳው በሻንሲው የቆመ ገጽ ላይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ክንፍ የመታጠፍን ጫና ዋነኛ ተሸካሚዎች ስለሆኑ መበሳትም መበየድም አይገባቸውም። ሻንሲው ሣጥን መሰል ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ እንዳይጨፈልቀው ቱቦ በውስጡ ይገባል። ብሎኑም ራሱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን።

የተሳቢው ጫፍ ኳሱን የሚጫነው ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ አምስት እስከ አሥር በሚሆነው ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ጅራቱን ይወዘውዛል። ከበዛም ሌላ መዘዝ አለ። ረጅሙን ላንድሮቨር ብንወስድ በፊትና በኋላ አክሰሉ መካከል 2.77 ሜትር ነው። ኳሱ ከኋላው አክሰል 1.2 ሜትር ርቆ 60 ኪሎ ቢጫነው፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 26 ኪሎ ያህል ይነሣል፤ በኋላው ላይ ደግሞ 86 ያርፋል። ያረጀ ባሌስትራ ካለው የፊቱ ይቀልላል፤ መሪውም ይሳሳል። በተጨማሪም ማያያዣው ቢለቅ ጫፉ መሬት እንዳይወጋ ሁለት ሰንሰለት ከሥሩ ተመሳቅሎ ይታሰራል።

መብራቱም መረሳት የለበትም። እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ገደማ የተሠሩት ላንድሮቨሮች ከሻንሲ ጋር የተያያዘው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ያላወቀ ኤሌክትሪሺያን የዛሬውን የተሳቢ መብራት እንደ ለመደው ሲያገናኝ ወይ አይበራለትም፣ ወይ ፊውዝ ያቃጥላል።

የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ጭነት ከተዘጋ ወዲህ የወደቡ ተሳቢዎች ጣርማ በርን ትተውታል። ዋሻውና ቁልቁለቱ ግን እንዳሉ ናቸው። አዲስ የታሰረ ብሎን በመጀመሪያው ጉዞ ቀለሙና ሮንዴላው ተጨፍልቆ ስለሚረጋ ይላላል። ከደብረ ብርሃን እስከ ዋሻው ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለዚህ መፈተኛ ይበቃል። ሾፌሩ ዋሻው ከመግባቱ በፊት ዳር ይዞ ይቆማል፤ ረዳቱ ታኮ ያስገባል፤ ከዚያም ዳዶው ሁሉ እንደ ገና በቁልፍ ይጠብቃል።